«ሰነፍ» የሚለው ስም ሥራ አያስጀምርም

ይድረስ ለጋዜጣው ዋና አዘጋጅ፣

ከሁለት ሳምንት በፊት በጋዜጣችሁ የአስተያየት ገጽ ላይ፣ የዘመኑ ወጣቶች ሥራቸውን ከዛሬ ወደ ነገ የሚያሻግሩት ስንፍና ስለተጠናወታቸው እንደሆነ፣ መድኃኒቱም ሰነፉን ሰነፍ ብሎ ፊት ለፊት መንገርና ማሳፈር እንደሆነ የሚያትት ጽሑፍ አውጥታችሁ ነበር። ጽሑፉን መጀመሪያ ያነበብኩት እዚህ ደብረ ማርቆስ በሚገኘው የልብስ ስፌት ቤቴ ውስጥ ሲሆን፣ ማታ ደግሞ ዓይናቸው ለደከመው አባቴ ድምፄን ከፍ አድርጌ አነበብኩላቸው። ጸሐፊው ዳተኝነት ሰውንም ቤትንም አገርንም እንደሚጎዳ የጻፉትን ሙሉ በሙሉ እቀበላለሁ። ያዘዙት መድኃኒት ግን በእኔ በራሴ ላይ ለብዙ ዓመታት ተሞክሮ ሕመሙን ያባባሰ ስለሆነ፣ የማውቀውን ሳልጽፍ ብቀር ሕሊናዬ አይፈቅድልኝም።

የልብስ ስፌት ሙያ ከያዝኩ 22 ዓመት ሆኖኛል። ከእነዚህ ውስጥ የመጀመሪያዎቹን 15 ዓመታት ያህል የታወቅኩት በስፌቴ ጥራት ብቻ ሳይሆን በቀጠሮዬ መበላሸትም ነበር። ደንበኞቼ ሥራዬን ስለሚወዱት ይመጣሉ፤ ልብሱ በነገርኳቸው ቀን እንደማይደርስም አውቀው ነው የሚመጡት። ማክሰኞ ያልኩት ዓርብ ይሆናል፣ ዓርብ ያልኩት ደግሞ ሰኞ። በሰፈሩ «ነገ ነይ» የሚል ስም ወጥቶልኝ ስለነበር፣ ልጆች ወደ ሱቄ ሲላኩ «ነገ ነይ ዘንድ ሂድ» እየተባሉ እንደሚላኩ በጆሮዬ ሰምቻለሁ።

እኔም ስሙን ተቀበልኩት። የነገሩ ሥር ያለው እዚህ ላይ ይመስለኛል። ሰው ሲቆጣኝ «ምን ላድርግ፣ እኔ እኮ ዳተኛ ነኝ፤ ተፈጥሮዬ ነው» እል ነበር። ይህን ስል ጥፋቴን ያመንኩ፣ የተናዘዝኩም ያህል ይሰማኝ ስለነበር ልቤ ቀለል ይለው ነበር፤ ለሚቀጥለው መዘግየት አስቀድሜ ይቅርታ እየጠየቅኩ እንደነበር የገባኝ ግን ከብዙ ጊዜ በኋላ ነው። ተፈጥሮው የሆነን ነገር ለመለወጥ የሚነሣ ሰው የለም፤ ቁመቱን ሊለውጥ የሚነሣ ሰው እንደሌለ ሁሉ።

አማርኛችን በዚህ ጉዳይ ላይ ከእኛ ከተናጋሪዎቹ ይልቅ ጠንቃቃ ነው። ልግመኛ የምንለው የሚችለውን ሥራ ሆን ብሎ የሚያጓትተውን ሰው ነው። ሰነፍ የሚለው ቃል ክብደቱ ሌላ ነው፤ በመዝሙረ ዳዊት ሰነፍ የተባለው በልቡ አምላክ የለም የሚለው ሰው መሆኑን ለሚያስታውስ አንባቢ፣ ይህ ቃል አንድ የቤት ሥራ ሳይሠራ ለቀረ ልጅ የሚወረወር ቃል እንዳልሆነ ማስረዳት አያስፈልገኝም። ዳተኛ ግን መሠራት እንዳለበት የሚያምንበትን፣ ሊሠራውም የሚፈልገውን ሥራ ሳይጀምር ቀኑ የሚያልቅበት ሰው ነው። ሦስቱን አንድ አድርገን «ሰነፍ» በሚል አንድ ስም ስንጠራቸው ሦስቱንም ማከም ያቅተናል። ሌላም ልዩነት አለ። አንድ ሰው «ዛሬ ሰነፍሽ» ቢለኝ የተናገረው ስለ አንድ ቀን ሥራዬ ነው፤ «ሰነፍ ነሽ» ሲለኝ ግን ስለ ሁለመናዬ ነው። የመጀመሪያው ከቀኑ ጋር አብሮ ይመሻል፤ ሁለተኛው አብሮኝ ያድራል፣ ጠዋትም አብሮኝ ይነሣል።

አሁን የማወጋው ነገር ለመጻፍ ይከብደኛል፤ ነገር ግን ጸሐፊው ስለ ማሳፈር ጥቅም የጻፉትን ያለዚህ ልመልሰው አልችልም። በ2010 ዓ.ም. ኅዳር ውስጥ አንዲት የ12 ዓመት ልጅ ከእናቷ ጋር መጥታ ለጥምቀት የሚሆን ቀሚስ አዘዘች። ጨርቁን የሸመነው የሰፈራችን ሸማኔ ሲሆን፣ ጥጡን ክረምቱን ሙሉ ቁጭ ብለው የፈተሉት አያቷ ነበሩ። ጥለቱ አረንጓዴና ወርቃማ ነበር፤ ከፈትሉ ቅጥነት የተነሣ ጨርቁ ከእጅ እየሾለከ ያስቸግራል። ልኬቱን ወሰድኩ፣ ቀብዱን ተቀበልኩ፣ ከጥር 5 በፊት እንደሚደርስ ተናገርኩ፣ ጨርቁንም አጥፌ ከመደርደሪያው ላይኛው እርከን ላይ አስቀመጥኩት።

ከዚያ ቀን ጀምሮ ያ ጨርቅ ከቦታው ሳይነቃነቅ ከረመ ብል ውሸት ይሆናል። በየቀኑ ማለት ይቻላል አወርደዋለሁ፣ ጠረጴዛው ላይ እዘረጋዋለሁ፣ ሜትሬን አነሣለሁ፣ ከዚያም አንድ ሰው የተበላሸ ዚፕ ይዞ ሲገባ እፎይ ብዬ ጨርቁን መልሼ አጥፈዋለሁ። ዚፕ እቀይራለሁ፣ ሱሪ አሳጥራለሁ፣ የተቀደደ የተማሪ ደንብ ልብስ እጥፋለሁ፣ ቁልፍ እተክላለሁ፤ ማታ ሱቄን ስዘጋ ወገቤ ተቆርጦ ነው። ሰነፍ የሚለው ስም ለእኔ እንደማይስማማኝ ያን ጊዜ ላስብበት ይገባኝ ነበር፤ ከንጋት እስከ ምሽት ከማሽኑ ያልተነሣ ሰው ሰነፍ አይባልምና። የምሸሸው ከሥራ ሳይሆን ከዚያ ጨርቅ ነበር።

የከተራ ዕለት 9 ሰዓት ገደማ፣ ታቦታቱ ሊወጡ ሕዝቡ ነጭ ለብሶ መንገዱን ሲሞላው፣ ልጅቱ ሹሩባዋን ተሠርታ ብቻዋን መጣች። ጨርቁን በመቀስ የቀደድኩት በዚያው ዕለት ጠዋት ስለነበር፣ እጅጌው ለብቻው፣ ደረቱ ለብቻው፣ ጥለቱም ለብቻው ጠረጴዛው ላይ ተበትኖ ነበር። «ነገ ጠዋት በጊዜ፣ እኔ ራሴ ቤት አመጣልሻለሁ» አልኳት። ልጅቱ አላለቀሰችም፣ አልተቆጣችም። እጅጌውን በሁለት ጣቷ አንሥታ አየችውና ከነበረበት ቦታ በጥንቃቄ መልሳ አስቀምጣው ወጣች።

ሌሊቱን ሙሉ ስሰፋ አድሬ በማግስቱ 2 ሰዓት ላይ ቀሚሱን በፌስታል ይዤ ሄድኩ። ቤተሰቡ ገና በጨለማ ወደ ባሕረ ጥምቀቱ ወርዶ ኖሮ ያገኘኋቸው መራመድ የማይችሉትን አያቷን ብቻ ነበር። ቀሚሱን ተቀብለው ጠርዙን በጣቶቻቸው መሀል እያሳለፉ ረጅም ጊዜ ዳሰሱት፤ የራሳቸውን ፈትል እየፈለጉ ይመስለኛል። ከዚያ «ለጥምቀት ያልሆነ ቀሚስ…» ብለው ዝም አሉ። ይህን ተረት የማያውቅ ሰው አገራችን ላይ የለም፤ መጨረሻውን ግን እኚያ እናት ሊናገሩት አልፈለጉም፤ ጨርቁ የእጃቸው ሥራ ነበርና።

እንግዲህ በዚያ ቀን ከደረሰብኝ የበለጠ እፍረት ሊደርስብኝ አይችልም። የማሳፈር መድኃኒት የሚሠራ ቢሆን ኖሮ ከጥር 11 ቀን ጀምሮ በዳንኩ ነበር። የሆነው ግን የተገላቢጦሽ ነው፤ የዚያ ዓመት የፋሲካ ሥራዬ ከሁሉም የከፋው ነበር። ስልኬን መዝጋት ጀመርኩ፤ ደንበኛ ከሩቅ ሳይ በጓሮ በር መውጣት ለመድኩ፤ አዲስ ጨርቅ ሲመጣልኝ የዚያች ልጅ ፊት ስለሚመጣብኝ መቀሱን መያዝ ይባስ አስጠላኝ። በራሴ ላይ ያወጣሁት ስም በበዛ ቁጥር፣ የምሠራው ሥራ በዚያው ልክ እየቀነሰ ሄደ።

ይህ የእኔ የብቻዬ ችግር አለመሆኑን የነገረችኝ የዩኒቨርሲቲ ተማሪ የሆነችው ልጄ ናት። ፉሽያ ሲሯ እና ቲሞቲ ፒቺል የተባሉ የሥነ ልቦና ተመራማሪዎች እ.ኤ.አ. በ2013 ባወጡት ጽሑፍ፣ ሥራን ማዘግየት በመሠረቱ የጊዜ አጠቃቀም ጉድለት ሳይሆን የስሜት ጉዳይ እንደሆነ አስረድተዋል። ሰው አንድ ሥራ ፍርሃት፣ መሰልቸት ወይም ጥርጣሬ ሲያመጣበት፣ ሥራውን ገሸሽ በማድረግ ለጊዜው እፎይታ ያገኛል፤ ዋጋውን የሚከፍለው ነገ ነው። ልጄ ይህን ስታስረዳኝ ወዲያው ትዝ ያለኝ ሥራ በጀመርኩ በሦስተኛው ዓመት የአንዲት ሙሽራን ጨርቅ ከትከሻው ላይ አሳጥሬ ቀድጄ፣ የጨርቁን ዋጋ ከኪሴ የከፈልኩበት ቀን ነው። የተሰፋ ይፈታል፤ የተቀደደ ጨርቅ ግን አይመለስም። ከዚያ ቀን ወዲህ መቀስ ባነሣሁ ቁጥር ክንዴ ላይ የሚሰማኝ ክብደት ምን እንደሆነ ለራሴ ነግሬው አላውቅም ነበር፤ «ዳተኛ ነኝ» የሚለው ስም ፍርሃቱን ሸፍኖልኝ ኖሯል።

አባቴ በወጣትነታቸው ደብረ ኤልያስ ወርደው ቅኔ የተማሩ ሰው ናቸው። እንደ ልማዴ «ተፈጥሮዬ ነው» ስል አንድ ቀን ሰሙኝና፣ «ልጄ፣ ይህን ስም ማን አወጣልሽ?» ብለው ጠየቁኝ። መልስ አልነበረኝም። ከዚያ ስለ ቅኔ ቤት አወጉኝ። የቅኔ ተማሪ ጉባኤው ላይ ተቀምጦ መምህሩን ካደመጠ በኋላ ከጓደኞቹ ተለይቶ ዛፍ ሥር ሄዶ ቅኔውን ይቆጥራል፣ ማለትም ይደርሳል። መጀመሪያ የሚቆጥረው ጉባኤ ቃና የተባለውን አጭር ቅኔ ነው፤ ጉባኤ ቃና ሁለት ቤት፣ ማለትም ሁለት ስንኝ ብቻ ነው፤ ከዚያ ወደ ዘአምላኪየ፣ ወደ ሚ በዝኁ እያለ እስከ መወድስ ይደርሳል። የቆጠረውን መምህሩ ፊት ቆሞ ያቀርባል፣ ይታረማል፣ በማግስቱ ሌላ ይቆጥራል።

«የመጀመሪያዎቹ ቅኔዎቼ ቤት የማይመቱ፣ ምስጢር የሌላቸው ነበሩ» አሉኝ። «የኔታ ግን አንድም ቀን ባለቅኔ ስትሆን ተመለስ አላሉኝም። የዛሬውን አርመው ነገ ሌላ አምጣ ነው ያሉኝ። ሁለት ቤት ይዤ በመቆሜ ተማሪ ሆንኩ። አንቺ ግን በልብሽ ጎበዝ ሰፊ እስክትሆኚ ድረስ ጨርቁን ልትነኪው አልፈለግሽም።»

ይህ ንግግር ብዙ ምሽት አላስተኛኝም። እኔ ስጠብቅ የኖርኩት መጀመሪያ ሌላ ሰው መሆንን ነበር፤ ያቺ ያልፈራች፣ ያልደከማት፣ ቀጠሮዋን የምታከብር ሴት መጥታ ሥራውን እንድትሠራልኝ። ይህ የእኔ ብቻ ልማድ አይመስለኝም። «ፋሲካ ይለፍና»፣ «ክረምቱ ይውጣና»፣ «መስከረም ይጥባና» ስንል፣ ከበዓሉ ማዶ ከእኛ የበረታ ሌላ እኛ እንደሚጠብቀን እያሰብን ሸክሙን ሁሉ ወደ እሱ እንልካለን። መስከረም ሲጠባ ግን የምናገኘው ያንኑ ሰው ነው፤ ሸክሙ ብቻ ጨምሯል።

አንባቢ ልብ እንዲልልኝ የምፈልገው፣ ራስን የሚያዩበትን ዓይን መለወጥ ስል በመስታወት ፊት ቆሞ «ጎበዝ ነኝ፣ ጎበዝ ነኝ» ማለትን እንዳልሆነ ነው። ያንንም ሞክሬዋለሁ፤ ከአፌ የወጣውን ልቤ አላመነውም፤ ከመደርደሪያው ላይ ሰባት ያልተቀደዱ ጨርቆች እያየሁ እንዴት ይመነው? ዳሪል ቤም የተባለ የሥነ ልቦና ሊቅ እ.ኤ.አ. በ1972 ባቀረበው ትንታኔ፣ ሰው ስለ ራሱ ያለውን እምነት በከፊል የሚያገኘው ልክ ሌላውን ሰው እንደሚመለከት ሆኖ የገዛ ሥራውን በማየት እንደሆነ ጽፏል። ይህ ከአባቴ ወግ ጋር ገጠመልኝ። ልቤ ስለ እኔ ሌላ ነገር እንዲያምን ከተፈለገ ምስክር ያስፈልገዋል፤ ምስክሩም ቃል ሳይሆን ድርጊት ነው፤ ድርጊቱም ዛሬውኑ ሊፈጸም የሚችል ትንሽ መሆን አለበት፤ እንደ ጉባኤ ቃና ሁለት ቤት።

ስለዚህ «ቀጠሮ አክባሪ ነኝ» የሚለውን ለራሴ ልሰጠው አልደፈርኩም፤ ሰፋብኝ። የመረጥኩት «ጨርቅ በገባበት ዕለት የምትቀድ ልብስ ሰፊ» የሚለውን ነው። ደንቡም ይኸው ነበር፦ የተረከብኩትን ጨርቅ፣ ቢያንስ አንድ እጅጌውን፣ ፀሐይ ሳትጠልቅ እቀዳለሁ።

የመጀመሪያውን ቀን በደንብ አስታውሰዋለሁ። ከገጠር ቀበሌ የመጡ አንዲት እናት ለልጃቸው ሠርግ የሚለብሱት ሽንሽን ቀሚስ አዘዙኝ። ሽንሽን ቀሚስ የሚያውቅ ያውቀዋል፤ ከወገቡ ጀምሮ እያንዳንዱ እጥፋት እኩል ካልመጣ ቀሚሱ ወደ አንድ ጎን ይሳባል፤ ስለዚህ ከመቅደድ በፊት ብዙ መቁጠርና በካውያ መተኮስ ይጠይቃል። «እትዬ፣ ጥቂት ይቀመጡልኝ» አልኳቸውና ጨርቁን ፊታቸው ዘረጋሁት። በሳሙና ስባሪ የእጅጌውን መስመር አሰመርኩ። መዳፌ አልቦት መቀሱ ያንሸራትተኝ ነበር። የመጀመሪያውን አንድ ስንዝር ያህል ስቀድ ትንፋሼን ይዤ ነበር፤ ከዚያ በኋላ ግን እጄ ሥራውን አወቀው፤ ሁለቱም እጅጌዎች ተቀድደው ሲያበቁ ሰዓቱን ብመለከት ያለፈው ሩብ ሰዓት እንኳን አልሞላም። ለሁለት ወር የሸሸሁት፣ አንዲት ልጅ ያሳዘንኩበት ነገር ሩብ ሰዓት የማይሞላ መሆኑን ሳይ እንባዬ መጣ።

የተቀደደ ጨርቅ ደግሞ ጠረጴዛ ላይ ዝም ብሎ አይቀመጥም፤ ሰውን ይጣራል። እጅጌው ካለ ደረቱ ይፈለጋል፤ ደረቱ ካለ አንገቱ። በልኬት ደብተሬ ጠርዝ ላይ፣ በገባበት ዕለት ለቀደድኩት ሥራ ሁሉ አንድ ትንሽ መስመር ማስመር ጀመርኩ። በመጀመሪያው ወር ከተቀበልኳቸው 19 ሥራዎች 14ቱ መስመር አገኙ። ማንም አላመሰገነኝም፤ ሰፈሩም «ነገ ነይ» ማለቱን አልተወም ነበር። እኔ ግን ማታ ማታ ደብተሩን ስገልጥ ስለ ራሴ የምለው ነገር እየተለወጠ መጣ።

ወደ ኋላም ተመልሻለሁ። በዚያው ዓመት የጳጉሜን ሰሞን ሦስት ሥራዎች አሳደርኩ፤ በአንዱም ክፉኛ ተወቀስኩ። ጸሐፊው ምናልባት እዚህ ጋ «አየሽ፣ ተግሣጽ ያስፈልግሽ ነበር» ይሉኝ ይሆናል። ማይክል ዎል የተባለ የሥነ ልቦና ተመራማሪ ከሁለት ባልደረቦቹ ጋር እ.ኤ.አ. በ2010 ያሳተመው ጥናት ግን ሌላ ይናገራል። በካናዳ ካርልተን ዩኒቨርሲቲ 119 የመጀመሪያ ዓመት ተማሪዎችን ሲከታተሉ፣ ለመጀመሪያው ፈተና ሳይዘጋጁ በማዘግየታቸው ራሳቸውን ይቅር ያሉት ተማሪዎች ለሁለተኛው ፈተና ሲዘጋጁ ያዘገዩት ያነሰ ሆኖ ተገኝቷል። ለእኛ ለክርስቲያኖች ይህ አዲስ ትምህርት ሊሆንብን ባልተገባ ነበር። የንስሐ አባት የሠራነውን ኃጢአት ይሰሙናል፣ ቀኖና ይሰጡናል፣ ስንሰግድና ስንጾም ያዩናል፤ በዚያ ኃጢአት ስም ግን ሲጠሩን አልሰማሁም። እኔም በጳጉሜን ያደረግኩት ይኸው ነው፤ «ሦስት ሥራ አሳደርኩ» አልኩ፣ ሦስቱንም ቤት ድረስ ወስጄ ይቅርታ ጠየቅኩ፣ በማግስቱ የመጣልኝን ጨርቅ በዕለቱ ቀደድኩ።

ጸሐፊው «ሰነፍ ገበሬ ይሞታል በሰኔ» የሚለውን ተረት ለሐሳባቸው ማስረጃ አድርገው ጠቅሰዋል። ተረቱ እውነት ነው፤ ገበሬው በሰኔ የሚነሣው ግን ተሰድቦ አይደለም። ታናሽ ወንድሜ በጎዛምን ወረዳ ገበሬ ነው። ለጤፍ የሚሆነውን መሬት አራት አምስት ጊዜ ደጋግሞ ያርሳል፤ ሐምሌ ላይ ሲዘራ ጭቃው ከቁርጭምጭሚቱ በላይ ነው። በዝናብ ጠዋት መነሣት ደስ ይልህ እንደሆነ ስጠይቀው ጥያቄው ራሱ አልገባውም። «ገበሬ አይደለሁም እንዴ እቴቴ?» ነው ያለኝ። ልነሣ ወይስ አልነሣ የሚል ክርክር በእሱ ዘንድ የለም፤ ገበሬነቱ ጥያቄውን ገና ሳይነሣ መልሶለታል። አባቱን ተከትሎ ጅራፍ ይዞ እርሻ ከወረደበት ከልጅነቱ ጀምሮ ያየው የገዛ ሥራው ይህን ነግሮታል።

ይኸው ወንድሜ ሌላም አንድ ነገር እንዳስተውል አድርጎኛል። የእሱ ጎረቤት ባለ አንድ በሬ ገበሬ ነው፤ የሚያርሰው ከሌላ ባለ አንድ በሬ ጋር በመቀናጆ ስለሆነ፣ ተራው እስኪደርስ ማሳው ከሁሉም ማሳ ዘግይቶ ይታረሳል። መንገድ ላይ የሚያልፍ ሰው ያንን ማሳ አይቶ «ሰነፍ» ቢል የተሳሳተው ተመልካቹ ነው። እኔም ብሆን መብራት ሦስት ቀን ሲጠፋ ካውያዬ አይሠራም፤ የክር ዋጋ ሲንር የጀመርኩት ሥራ ይቆማል። በከባድ ድብርት የተያዘ ሰው ከአልጋው መነሣት የሚያቅተውም ሐኪም የሚያስፈልገው ሕመም ስለሆነ ነው። የምጽፈው ሁሉ ጨርቁም፣ መቀሱም፣ ጊዜውም፣ ጤናውም እያለን ስለምናዘገየው ሥራ ነው፤ ከዚያ ውጭ ያለውን በዚህ መዝኜ ማንንም መውቀስ አልፈልግም።

በአሁኑ ሰዓት አብራኝ የምትሠራ የ18 ዓመት ተለማማጅ አለችኝ፤ ከቢቸና አካባቢ የመጣች ልጅ ናት። ሥራ በሰጠኋት በመጀመሪያው ሳምንት ዝምዝማት ሳትጨርስ መሸባትና፣ ሳልጠይቃት በፊት «እኔ እኮ ሰነፍ ነኝ፤ ትምህርት ቤትም እንደዚህ ነበር የሚሉኝ» አለችኝ። የሰማሁት የራሴን ድምፅ ነበር። «በዚህ ቤት እንዲህ አይባልም» አልኳት፤ «ዛሬ ዝምዝማቱን አልጨረስኩም በይ። ስንት ቀረሽ?» ቆጠረች፤ የቀራት የአንድ ቀሚስ ጠርዝ ነበር። የአንድ ቀሚስ ጠርዝ የሚጨረስ ነገር ነው፤ «ሰነፍ ነኝ» ግን ከየት ተጀምሮ የት ይጨረሳል? ልጅቱ ዛሬም አንዳንድ ቀን ታሳድራለች። የቀራትን ግን ቆጥራ ትነግረኛለች እንጂ በስም አትሸፍነውም።

ክቡር አዘጋጅ፣ ጋዜጣችሁ በየትምህርት ቤቱና በየቢሮው ይነበባል። መምህራን የልጆችን ደብተር ሲያርሙ፣ አለቆች የሠራተኛን ሥራ ሲገመግሙ፣ እኛም ወላጆች ማታ ልጆቻችንን ስንጠይቅ፣ ያልተሠራውን ሥራ በስሙ ጠርተን የልጁን ስም ግን እንድንተውለት በዚሁ ገጽ ላይ እንዲጻፍ በአክብሮት እጠይቃለሁ። ያንን ጽሑፍ የጻፉት ሰው በጎ ልብ እንዳላቸው አልጠራጠርም፤ ስለ ወጣቱ የሚጨነቅ ሰው ነው እንዲህ የሚጽፈው። የማልስማማው በቃሉ ነው።

ይህን ደብዳቤ የምጽፈው ታኅሣሥ 14 ቀን ነው። ለጥምቀት የተቀበልኳቸው ቀሚሶች 31 ሲሆኑ ሁሉም ተቀድደዋል፤ 18ቱ ተሰፍተው ተተኩሰው ተሰቅለዋል። ከታኅሣሥ ገብርኤል በኋላ የጥምቀት ሥራ አልቀበልም፤ ለሚመጣ ደንበኛ «ለፋሲካ ላድርስልዎ» እላለሁ፤ የሚቀየምም አለ። ያቺ ልጅ ግን ወደ ሱቄ ተመልሳ አታውቅም። አያቷም ዐርፈዋል። በየዓመቱ በጥምቀት ዕለት ከሩቅ አያታለሁ፤ አድጋለች፤ ሌላ ሰው የሰፋላትን ለብሳ ከጓደኞቿ ጋር ታልፋለች።

ከአክብሮት ጋር፣
ልብስ ሰፊ፣ ከደብረ ማርቆስ